ደወል የሌለው ቤት

በሩ ጋ የቆማችሁ፣ ከፊት ወንበር አለ፤ ጠጋ በሉ። ከፊት የተቀመጠ ሰው ጥያቄ አይጠየቅም፤ ቃሌ ነው።

የዚህ የወላጆች ምሽት አዘጋጆች ደውለው ሲጋብዙኝ ምርጫ ሰጥተውኝ ነበር። «ስለ ሩጫ ትናገሪያለሽ ወይስ ልጆችን ቤት ስለ ማስተማር?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ለሁለቱም አልበቃም። ሯጭ አይደለሁም፤ አምስት ኪሎ ሜትር በ37 ደቂቃ ተኩል የምጨርስ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። መምህርም አይደለሁም፤ በሳምንት ሦስት ምሽት አረጋውያንን እየተንከባከብኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ስለዚህ ሁለቱን ርዕስ ላዋህዳቸው ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ።

የማዋህዳቸው ግን ሰዓት ለመሙላት ብቻ አይደለም። ከዓመታት ልፋት በኋላ የደረስኩበት ነገር ስላለ ነው፤ ሩጫም የቤት ትምህርትም ያስቸገሩኝ በአንድ ምክንያት ነው። ሁለቱም ደወል የላቸውም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አገር ቤት የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲቀጠቅጠው ከወንዝ ማዶ ይሰማል፤ እኛም ቁርሳችንን ጥለን እንሮጣለን። መማር አማረን ወይ ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ሥራ ቦታም እንዲሁ ነው፤ አለቃ አለ፣ የመግቢያ ሰዓት አለ። ቤት ውስጥ ግን ቸርኬውን የሚመታ የለም። ዛሬ ልጆቹን ባላስተምር ማንም አይደውልም። ነገ ጠዋት ባልሮጥ ማንም አይቆጣኝም። ታዲያ በየቀኑ የሚያስነሳን ምንድን ነው? የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው።

በሦስት ከፍዬ ነው የምናገረው። መጀመሪያ እንዴት እንደገባንበትና ሕጉ ምን እንደሚል፣ ቀጥሎ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ፣ በመጨረሻም ደወሉን ከየት እንዳመጣነው። ሦስተኛው ይረዝማል፤ ካሁኑ ታገሡኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን ግን በሀበሻ ነው የምጠራው፤ ልጆቼንም የማስተምራቸው እንደዚያው ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው። በማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት እዚህ ቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚያው ወር አገር ቤትም ተዘግተው ነበር። ትልቁ ልጄ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበር። ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠነው ከጎኑ ስቀመጥ ነው ልጄ ማንበብ እንደማይችል ያወቅሁት። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነው ይላል። ልጁ ግን ሥዕሉን እያየ ቃሉን ይገምታል። ሥዕሉን በእጄ ስሸፍንበት ዝም አለ። ያን ዝምታ እስካሁን አልረሳሁትም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምነግራችሁ፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሥዕሉን ሸፍኜበት አላውቅም ነበር። በመጸው ትምህርት ሲከፈት፣ አንድ ዓመት ብቻ እቤት ይቆይና ማንበብ ይልመድ አልን። ያ አንድ ዓመት ይኸው እስከ ዛሬ ቀጠለ፤ ታናናሾቹም ተከተሉት።

ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ስትሰማ ስልኩን ዘጋችብኝ። መልሳ ደውላ፣ «አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ልጆችሽን ትምህርት ቤት ታስቀሪያለሽ? እኔ አንቺን ለማስተማር ጠላ የሸጥኩት ለዚህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷን በኋላ እንመለስባታለን፤ የዚህ ታሪክ ዋና ሰው ሆናለች።

ሕጉን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። በቨርጂኒያ ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የሚያስተምራቸውን የትምህርት ዓይነቶችም ዘርዝሮ ያያይዛል። ለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ዲፕሎማ ይበቃል፤ የመምህርነት ፈቃድ ከብዙዎቹ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። እስከ ተከታዩ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል። ማስረጃው በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጥ ፈተና ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ከዘጠኙ እርከን በአራተኛውና ከዚያ በላይ መዋል አለበት። ወይም ፈቃድ ያለው መምህር ገምግሞ ደብዳቤ ይጽፋል። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከዚያ ማዶ የመጣችሁ፣ በሜሪላንድ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ታሳውቁና የልጁን ሥራ በአቃፊ እያጠራቀማችሁ ታሳያላችሁ፤ በትምህርት ዓመቱ ከሦስት ጊዜ በላይ አይጠሯችሁም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አውጡ እያልኩ አይደለም። አንዲት ጓደኛዬ ልጇ የንግግር እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ትምህርት ቤቱ ባለሙያ መድቦለት በነጻ ይረዳዋል። እሷ እንደኔ ታድርግ ብል ልጁን በደልኩት። ልጆቻችሁ በደስታ ሄደው በደስታ የሚመለሱ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ከምነግራችሁ ሩጫውን ብቻ ውሰዱ።

ሁለተኛው ነጥቤ ገንዘብ ነው። ሰዎች የቤት ትምህርት ሲባል «መጽሐፉን ከየት ታመጫለሽ?» ይሉኛል። መጽሐፍ ርካሹ ወጪ ነው። ያልጠበቅሁት ምሳው ነው! ትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት በነበረበት ጊዜ በገቢያችን ምክንያት ምሳ በነጻ ይበላ ነበር። ዛሬ ሦስት ልጅ በሳምንት አምስት ቀን ቤት ይበላል፤ አሥራ አምስት ምሳ ነው፤ መክሰሱን ሳልቆጥር። ምስርና ሽሮ ባይኖር ኖሮ ይህን ንግግር የምታደርግላችሁ ሌላ ሴት ነበረች። ከምሳው የሚበልጠው ወጪ ደግሞ እኔ ሙሉ ቀን ባለመሥራቴ የቀረብን ደሞዝ ነው። ይህን ሳይነግራችሁ «የቤት ትምህርት ርካሽ ነው» የሚላችሁ ሰው ሒሳቡን አልጨረሰም።

ሌላው ወጪ ስህተት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ዓመት ትምህርት በአንድ ሳጥን የታሸገ፣ ባለቀለም፣ ከነመምህሩ መምሪያ 400 ዶላር የሚያወጣ ነገር በክሬዲት ካርድ ገዛሁ። ሳጥኑን ስከፍት እኔ ተደሰትኩ፤ ልጁ አልተደሰተም። በስድስተኛው ሳምንት አልጋ ሥር ገባ። በ60 ዶላር ስሸጠው ወለዱን ገና እየከፈልኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምንኖረው በቤተ መጻሕፍት ካርድ ነው። የሚፈለገው መጽሐፍ ከሌላ ቅርንጫፍ ይመጣልናል፤ አሮጌ መጻሕፍት በሳንቲም የሚሸጡበት ቀንም አለ። ዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነጻ ነው። የመኪና ማቆሚያው ነጻ ባለመሆኑ በባቡር ነው የምንሄደው፤ ትንሹ ልጄም ከዳይኖሰሩ ይልቅ ባቡሩን ይወዳል።

የሩጫው ወጪ ከዚህ ይቀላል። ጫማ ላይ አትሰስቱ፣ ልብስ ላይ ሰስቱ። የመሮጫ ጫማ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሶሉ ይሞታል፤ ጉልበት ያኔ ነው የሚናገረው። አዲሱ ሞዴል ሲወጣ ያለፈው ዓመት ጫማ ዋጋው ይወርዳል፤ እኔ የምገዛው እሱን ነው። መንገዱ ነጻ ነው። ወንዙን ይዞ ወደ ማውንት ቨርነን የሚወርደው መንገድ 18 ማይል ነው፤ እስካሁን ያስከፈለኝ የለም።

ወደ ሦስተኛው ገባን። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ያ የመጀመሪያው ዓመት በወኔ የተሞላ ነበር። በአራት ቀለም የተሠራ የትምህርት ፕሮግራም ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ። ስልኬ ላይ የሩጫ መቁጠሪያ ጫንኩ። ማታ ማታ ሰዎች እየጮኹ «ትችላለህ!» የሚሉበትን ቪዲዮ አይ ነበር። ፕሮግራሙ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ሩጫው እስከ መጀመሪያው ውርጭ ቆየ። ጥፋቱ የኔ ስንፍና ነው ብዬ ራሴን ስረግም ከረምኩ። እዚህ የተቀመጣችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ ጃንዋሪ ላይ ጀምራችሁ ፌብሩዋሪ ላይ ራሳችሁን የረገማችሁ? እጅ አታውጡ፤ ፊታችሁ ይበቃል።

ያዳኑኝ አንዲት ጎረቤቴ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። 61 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው፤ ሐኪም በየቀኑ ይራመዱ ብሏቸዋል። አንድ ማታ እንጀራ ላደርስላቸው ስሄድ፣ «ነገ ሌሊት 11 ሰዓት በርሽ ላይ እቆማለሁ። ውሻ ስለምፈራ ብቻዬን አልሄድም» አሉኝ። የሚሆን አልመሰለኝም ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ፣ ከወፍራም ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው መብራቱ ሥር ቆመዋል። ብርዱ እስትንፋሳቸውን ጭስ አድርጎታል። ምን ላድርግ? ትልቅ ሰው ብርድ ላይ አቁሜ አልጋዬ ልመለስ? ወጣሁ። እሳቸው ይራመዳሉ፤ እኔ ሶምሶማ እየሮጥኩ እሄድና ተመልሼ አገኛቸዋለሁ፤ ደግሞ እሄዳለሁ። በዚህ ዓይነት እሳቸው ሁለት ኪሎ ሜትር ሲራመዱ እኔ አራት እሮጣለሁ።

እትዬ አንድም ቀን «በርቺ» ብለውኝ አያውቁም። ቆመው ይጠብቁኛል፤ በቃ። የኔ ቸርኬ እሳቸው ሆኑ።

ይህን ካየሁ በኋላ ስለ አትሌቶቻችን ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ። ድሮ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሳይ ብርቱ ሰው ብቻ ነበር የሚታየኝ። አሁን እንጦጦና ሱሉልታ ላይ የሚሠለጥኑትን ልብ ብላችሁ እዩ፤ በሰልፍ ነው የሚሮጡት፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ። ማልዶ የሚነሳው ሰው ጓደኞቹ ቆመው እየጠበቁት እንደሆነ ያውቃል። በቆጂን አስቡ። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉም ቀነኒሳ በቀለም በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። በዚያች ከተማ ማለዳ ሜዳ ላይ የሚቆም አንድ መምህር ነበር። ስለ አየሩና ስለ ከፍታው ሳይንቲስቶች ይናገሩ፤ እኔ ግን ስለ መምህሩ መቆም የሚናገር ሰው እፈልጋለሁ።

ኃይሌን ካነሳሁ አይቀር፣ ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጠፍ የሚያደርገው ከአሰላ አካባቢ ተነስቶ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ደብተሩን ስለሚይዝበት ነው ይባላል። እሱ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ሯጭ ሆነ። እኛ ትምህርት ቤቱን ቤታችን ብናስገባው ልጆቹ የሚሮጡበት መንገድ ጠፋ! ስለዚህ ልጆቹንም ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ቀን ላይ ትንሹ በብስክሌት ከጎኔ ይሄዳል፤ ፊደል እየቆጠረ። አንድ ረድፍ ለአንድ ቀን፣ ከ«ሀ» እስከ «ሆ»። እኔም አብሬው እላለሁ። እዚያ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ሰባቱን ፊደል ትንፋሽ ሳይቆርጠኝ ካልጨረስኩ ፍጥነቴ ከአቅሜ በላይ ነው ማለት ነው። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ የሌላችሁ በ«ቀ ቁ ቂ ቃ» ሩጡ። ሠላሳ ሦስቱን ረድፍ ስንጨርስ ልጁ 231ዱን ፊደል ያውቅ ነበር፤ እኔም ጉንፋን ሳይዘኝ ክረምቱ አለፈ።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። ያ ኩርፊያ አራት ወር ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን ደውላ፣ «ልጁ አማርኛ ማንበብ ይችላል ወይስ ይህም ቀረ?» አለች። ገና ነው አልኳት። «እንግዲያው በየቀኑ ለኔ ያንብብልኝ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቡና አፍልቼ እጠብቃለሁ» አለች። የሷ 9 ሰዓት እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ኖቬምበር ላይ እኛ ሰዓታችንን ወደ ኋላ ስንመልስ ደግሞ ጠዋት 1 ሰዓት ይሆናል። የአሜሪካ መንግሥት ሰዓት ቢቀይር እናቴ አንዲት ደቂቃ አትነቃነቅም። ስለዚህ ከኖቬምበር እስከ ማርች ትምህርታችን በአንድ ሰዓት ቀድሞ ይጀመራል። ካርታ ላይ ማስረዳት ያቃተኝን የሰዓት ልዩነት ልጆቹ የተማሩት በእንቅልፋቸው ነው።

አምስት ደቂቃ ከዘገየን ትደውላለች። «ምነው፣ የታመመ አለ?» ትላለች። ያ ጥያቄ ከየትኛውም የትምህርት ቢሮ ቁጥጥር ይብሳል። ቀኑ አንዴ በእሷ ከተከፈተ የቀረው ይከተላል። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስ እስከ 6 ሰዓት ድረስ እንጨርሳለን። ከዚያ ባለቤቴ ከእንቅልፉ ይነሳል። ክፍልፋይ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ዳቦ እየቆረጠ።

ቤት ውስጥ ሌላም ደወል አለን። ይህን ከየኔታ ነው የወሰድኩት። የቆሎ ተማሪ ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዳዊት የሚደግመው ፊደል ለሚቆጥረው ያስተምራል፤ የኔታ ሁሉንም ብቻቸውን አያስተምሩም። እኔም ታላቁን ለታናሿ፣ እሷን ለትንሹ መምህር አደረግኳቸው። በነጻ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው፣ ለኔ ለማንበብ ሰባት ሰበብ የሚያቀርበው ትልቁ ልጅ፣ እህቱ መጽሐፍ ይዛ ስትጠብቀው ሰበብ የለውም።

አንድ የሒሳብ ትምህርታችንን ላጫውታችሁ። ትልቁ ልጅ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ2:15:16 ሲጨርስ አንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ ሮጠ የሚለውን አሠላ። 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሆነ። የኔ ሰባት ተኩል ነው። ልጁ ቀና ብሎ፣ «እማ፣ አንቺ በዚህ ፍጥነት ማራቶን ብትሮጪ አበበ ጨርሶ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ይጠብቅሽ ነበር» አለኝ። ስድብ ይሁን ሙገሳ እስካሁን አልገባኝም።

እህቱ ደግሞ አልቆመችም። በ2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር የገባችው በ2:11:53 ነው። «እንግዲያው ከአበበ በ3 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ቀደመች!» አለች። ወንድሟ ተናደደ። የትዕግሥት ጫማ 500 ዶላር የሚሸጥ፣ አንድ ጊዜ ለመሮጥ የተሠራ ቀላል ጫማ መሆኑን አንብቦ መጣ፤ አበበ ባዶ እግሩን ነበር ብሎ ተከራከረ። እሷ፣ «ጫማው ለብቻው ይሮጣል?» አለችው። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። መቀነስ፣ ማካፈል፣ ደቂቃን ወደ ሰከንድ መለወጥ፣ ሮምና በርሊንን ካርታ ላይ መፈለግ፣ ሁሉም በዚያ ውስጥ ተማሩ። እኔ ወጥ እየሠራሁ ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው ፌብሩዋሪ ቤቱ በሙሉ በጉንፋን ወደቀ። ሁለት ሳምንት አልተማርንም፣ አልሮጥኩም። ከሕመሙ የከበደኝ መመለሱ ነበር። አንድ ጊዜ የቆመ ነገር እንደገና ሲነሳ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ሯጭ ሁሉ ያውቀዋል። በአሥራ አምስተኛው ቀን እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር። «አልችልም» አልኳቸው። «ማን ሩጪ አለሽ? ከበር ወጥተሽ እንደምን አደርሽ በዪኝና ተመለሺ» አሉኝ። ወጣሁ፣ ሰላም አልኳቸው፣ እውነትም ተመለስኩ። በማግስቱ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ሄድን። በሦስተኛው ቀን እስከ መብራቱ። ለልጆቹም እንዲሁ አደረግሁ፤ ለአያታቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብበው ስልኩን ዘጉ። እናቴ ቅር አላት፤ ግን በማግስቱም ቡናዋን አፍልታ ጠበቀች።

በመጨረሻ አንድ ግብዣ አለኝ። ፓርክራን የሚባል ነገር አለ። በ2004 ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ 13 ሯጮች የጀመሩት ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አምስት ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ክፍያ የለውም። አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ተመዝግባችሁ ባርኮዳችሁን ይዛችሁ መምጣት ብቻ ነው። ሰዓታችሁ ይያዝላችኋል። መራመድም ይቻላል፤ ከሁሉም ኋላ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ስላለ ማንም ብቻውን የመጨረሻ አይሆንም። ከ11 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአጠገባችሁ እንዳይርቅ። እኛ የምንሄደው ዋሽንግተን ውስጥ ፍሌቸርስ ኮቭ ነው፣ ቦዩ ዳር፤ ጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል።

እኔ ከሩብ ጉዳይ ጀምሮ መነሻው ጋ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ቀይ ኮፍያ አለኝ። እትዬም ይመጣሉ፤ በትልቅ ቴርሞስ ሻይ ይዘው። ኩባያ ግን የየራሳችሁን ያዙ፤ ባለፈው ቅዳሜ አንሶን ነበር።